ከበሩ የሰፋው ቁም ሳጥን

መስከረም 18 ቀን

ለተወደዱ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ በየትኛው ወደብ እንደሚያገኝዎ አላውቅም። የትም ይሁን የት ጤናዎ የተሟላ፣ ባሕሩም የረጋ ይሁንልዎ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ከስፌት ማሽኗ ቀና ብላ «ሰላም በይልኝ፣ እጄ አልላቀቅ ብሎኝ ነው እንጂ ራሴ እጽፍለት ነበር» ብላለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለው፤ እርስዎም ያውቋታል።

ትልቁ ወሬ፣ ቤቱ ተገዛ። ውሉ ተፈርሟል። ሻጮቹ አንድ ሽማግሌ አናጺና ባለቤታቸው ናቸው። ከእንግዲህ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው። በሚመጣው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ይወጣሉ፣ እኛ እንገባለን።

ቤቱን ልንገርዎ። መኪና የሚያስገባ በር ያለው ትንሽ ግቢ አለ። ከዚያ ሳሎኑ፣ በጎን ማድ ቤቱ፣ ከሳሎኑ ጀርባ ደግሞ አንዲት ክፍል። የኋላዋ ክፍል በሯ ጠባብ ነው፤ መስኮትም የላትም። ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን እናቴ ከሰዎቹ ጋር ስትነጋገር እኔ እዚያ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። የማሽን ድምፅ የለም። የጎረቤት ሬዲዮ የለም። ጨለማው ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ቆሟል፤ ቁም ሳጥን መሆኑን በእጄ ዳስሼ ነው ያወቅኩት። ትንሽ ቆየሁና ወጣሁ። እናቴ «የት ጠፋሽ?» ስትለኝ «የትም» አልኳት።

ያቺ ክፍል የእርስዎ ናት ብላለች እናቴ፣ ከመርከብ ሲወርዱ የሚያርፉባት። እኔ እንደ አሁኑ ከማሽኑ ጀርባ እተኛለሁ። ለምጄዋለሁ።

ከሩቅ ሆና መልካሙን ሁሉ የምትመኝልዎ፣
የእህትዎ ልጅ


መስከረም 30 ቀን

ለጭምቷ፣ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽልኝ? ዕድሜ ይስጥሽ፣ ቁመት ይጨምርልሽ፣ አንደበትሽንም ይፍታልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ትንሽ ደንቁሯል፤ አለቃዬ ሲጠራኝ ግን ጥሩ ሰበብ ሆኖኛል።

«ቤቱ ተገዛ» የሚለውን ሳነብ ከሞተር ክፍሉ መሰላል ላይ ልወድቅ ነበር። የመርከባችን ምግብ አብሳይ አየኝና «ምን ሆነህ ነው ጥርስህ አልከደን ያለው?» አለኝ።

«ቤት ገዛን።»

«ባሕር ላይ?»

«መሬት ላይ! ያውም የራሴ ክፍል ያለበት!»

ከዚያ ወዲህ «ባለ ክፍሉ» ነው የሚለኝ። ሾርባ ሲቀዳልኝ እንኳ «ለባለ ክፍሉ ጨመር አድርግለት» እያለ ራሱን ያዛል።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። እናትሽ ሰው ስታምን ለጉድ ነው። ቁልፉ እጇ ሳይገባ አንድም ዕቃ ከመኪና እንዳይወርድ። ሻጭ ብር ሲቀበል እጁ ፈጣን ነው፤ ሲወጣ ነው እግሩ የሚጎተተው። ዛሬ፣ ነገ እያለ ያስለምዳችኋል።

ክፍሌን ነጭ ቀለም ቀቡልኝ። ከበሩ ጀርባ ለባርኔጣዬ አንድ ሚስማር ምቱልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

በጤና ያቆያችሁ፣ እኔንም ለቤቴ ያብቃኝ።
አጎትሽ


ጥቅምት 6 ቀን

ለተወደዱ አጎቴ፣

ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሰላም ይሁኑ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎ ገና አልደረሰንም።

እናቴ «ገባን ብለሽ ጻፊለት» ብላኛለች። ገብተናል። እነሱ ግን አልወጡም። ይህን ጻፊ አላለችኝም፤ አትጻፊም አላለችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃችንን ጭነን ደረስን። የእነሱ መኪና ተጭኖ በሩ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ የእኛ መግባት አልቻለም። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያየናል። እኔ የልብስ መተኮሻውን ታቅፌ ከመኪናችን ጀርባ ተሸሸግኩ። ሰው ሲበዛ የሚያደርገኝን ያውቁታል።

የእኛ ሾፌር «ኧረ ወንድም፣ አንሣልን! ሌላ ጭነት ይጠብቀኛል» ብሎ ጮኸ።

የእነሱ ሾፌር መሪው ላይ እንደተደገፈ «እኔስ ምን ላድርግ? ከማለዳ ጀምሮ አንድ ዕቃ ብቻ ቀረ ይሉኛል» አለ።

«ምንድን ነው የቀረው?»

«እኔ እንጃ፤ ቤቱ ነው መሰለኝ!»

በዚህ መሃል አናጺው ወጡ። ረጅም ናቸው፤ ሲያወሩ መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት። ባለቤታቸው ከኋላ ከኋላ ይከተሏቸዋል።

«ንገራቸው እንጂ!» አሉ ባለቤታቸው።

«ትንሽ ነገር ናት» አሉ አናጺው።

«ትንሽ! በል ትንሿን ነገር አውጣታ!»

ያ በጨለማ የዳሰስኩት ቁም ሳጥን ነው። ተሸካሚዎቹ በቁሙ ሞከሩት፣ አጋደሙት፣ በጎኑ አዞሩት፤ ከበሩ ይሰፋል። አንደኛው ተሸካሚ ላቡን እየጠረገ «አባባ፣ ይሄ ነገር ሲገባ በየት ነው የገባው?» አላቸው። ባለቤታቸው መለሱ፤ «አልገባም! እዚሁ ነው የተወለደው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲጋቡ ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነበር። አናጺው ለሙሽራቸው ቁም ሳጥኑን ጥግ ላይ ሠሩላቸው። በኋላ ቤቱን ለሁለት ከፈሉትና መሃል ላይ በር አወጡ። የበሩን ስፋት የለኩት በራሳቸው ትከሻ ነበር።

«ሰው ካለፈ ይበቃል ብዬ ነው» አሉ።

«ለሰው ሁሉ በር በሜትር እየለካ ለራሱ በትከሻው!» አሉ ባለቤታቸው። «አንድ ቀን እንወጣለን ብሎ አላሰበም እኮ!»

በሩን እንዳያሰፉት፣ በግራና በቀኝ ያሉት ምሰሶዎች ናቸው ጣሪያውን የተሸከሙት። ቁም ሳጥኑን እንዳይፈቱት፣ አንድም ሚስማር የለበትም፤ እንጨቱ እርስ በርሱ ተሰክቶ በሙጫ ተጣብቋል። ቢነካካ ይሰነጠቃል። ጥለውት እንዳይሄዱ ደግሞ አናጺው «እሱን ትቼ የትም አልሄድም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ከዚያ ዝናብ ጀመረ። እናቴ ማሽኑን ሸራ ስታለብስ አየችኝ፤ ሰማዩን አየች፤ «በሉ ዕቃውን አውርዱት» አለች። የእነሱ መኪና ሌላውን ዕቃ ይዞ ወደ ልጃቸው ቤት ሄደ። እኛ ሳሎኑ ውስጥ ነን። እነሱ የኋላዋ ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ አንጥፈው፣ ከቁም ሳጥኑ ፊት። የክፍሏ ቁልፍ አናጺው ኪስ ውስጥ ነው።

እናቴ «ለሁለት ቀን ነው» ብላለች። «ይሄን ሁሉ ጻፍሽ?» ሳትለኝ ደብዳቤውን ላሽገው።

የትም ቢሆኑ ደህና ይዋሉልኝ፣
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 24 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በረጅሙ እንዳልመርቅሽ ተናድጃለሁ፤ ምርቃቱን ከሌላ ጊዜ ደብዳቤ ላይ ቁጠሪው።

ደብዳቤሽን ስጨርስ ከሞተሩ በላይ ጮህኩ። ይሄ ሰውዬ አናጺ አይደለም እንዴ? መጋዝ የለውም? የሸጠውን ቤት ሳይለቅ የገዛውን ሰው ጭምር በእንግድነት ተቀበለ በይኛ! እናትሽስ? ቁልፍ ሳትይዝ ዕቃ ታወርዳለች? ይህንኑ ብዬ ጽፌላችሁ አልነበረም?

አሁን የምልሽን አድርጉ። ያዋዋላችሁን ደላላ ጥሩት። ቁም ሳጥኑ ይቆረጥ። ግድግዳ ግን እንዳይነካ! በትልቁ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊው። ዛሬ አንድ ጡብ የነካ ሰው ነገ ጣሪያ ያወርዳል።

እኔ እዚህ ከሚያንኮራፋ ሰው ጋር በአንዲት ካቢን ታጉሬ፣ በክፍሌ የማላውቃቸው ሰዎች ይተኙበት? አብሳዩ ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቅቶት ሾርባውን አሳረረው። አሁን «ባለ ክፍሉ» ማለቱን ትቶ «ተከራዮችህ እንዴት ናቸው?» ይለኛል።

ደግሞ አልጋዬ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ብትኖር ጥሩ ነው። መጻፍ ለምጃለሁ።

አጎትሽ


ጥቅምት 29 ቀን

ለተወደዱ አጎቴ፣

ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ጆሮዎንም ይማርልዎ። ስለ ቁልፉ የጻፉት የፊተኛው ደብዳቤዎ ደረሰን። እናቴ አነበበችውና «ልክ ነው» አለች፤ ከዚያ አጣጥፋ ከማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አሁን ሰዎቹ ወጥተዋል። እንዴት እንደወጡ ግን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ሁለት ቀን የተባለው ሰነበተ። የአናጺው ባለቤት ሥራ መፍታት አይችሉም። ከእናቴ ጎን ተቀምጠው የዩኒፎርም አዝራር ይተክላሉ፤ እያወሩ ነው የሚተክሉት። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። አናጺው በየጠዋቱ መጋዝ ይዘው ቁም ሳጥኑ ፊት ይቆማሉ፤ ትንሽ ቆይተው መልሰው ያስቀምጡታል። አንድ ቀን «መጋዙ ደንዟል» ይላሉ፤ ሌላ ቀን «እርጥበት አለ፣ እንጨቱ ይጣመማል» ይላሉ።

«መጋዙንማ ትናንት ስለኸዋል» ይሏቸዋል ባለቤታቸው፤ «የደነዘዝከው አንተ ነህ።»

እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ምንም አልልም። ግን አንድ ከሰዓት ማንም ሳያየኝ የእናቴን ሜትር ይዤ በግቢው በኩል ዞርኩ። የኋላዋን ክፍል የውጭ ግድግዳ ለካሁት። ሌላ ቀን ደግሞ ክፍሏ ባዶ ስትሆን ገብቼ ቁም ሳጥኑን ለካሁት። ከዚያ ሜትሩን መለስኩ። ልናገር እያልኩ ራት ላይ አፌን እከፍትና ዳቦ እጎርስበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጃቸው መጣ። ተቆጥቷል። «አባዬ፣ የሰው ቤት ውስጥ እስከ መቼ? ዛሬ ቆርጠን እንውሰደው» አለ። ሁላችንም ፋኖስ ይዘን የኋላዋ ክፍል ገባን። አናጺው መጋዙን እንጨቱ ላይ አሳረፉት። እጃቸው ግን አልንቀሳቀስ አለ። ሲቆዩ ባለቤታቸው ያሾፋሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላሾፉም። ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ግድግዳው ይፍረስ» አለ አንድ ሰው።

ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ነው የተናገርኩት እኔ መሆኔ የገባኝ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቴ።

ፊቴ ጋለ። «በግቢው በኩል ያለው። ያ ግድግዳ ጣሪያ ይሸከማል?» ብዬ አናጺውን ጠየቅኳቸው።

«አይሸከምም» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው በዚያ በኩል ይወጣል። ለክቼዋለሁ። ቀዳዳው ደግሞ መስኮት ይሆናል።»

ልጃቸው አባቱን አየ። አናጺው ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ አንኳኩተው አዳመጡት። «እኔ አስቤው አላውቅም ብዬ አልዋሽም» አሉ። «ግን ቤቱ የእኔ አይደለም። የሸጥኩትን ግድግዳ ላፍርስ ተብሎ ይጠየቃል?»

ሁሉም እናቴን አዩ። እናቴ ግን እኔን ነበር የምታየው። «ይሄን ሁሉ ቀን በሆድሽ ይዘሽው?» አለችኝ። ከዚያ «ይፍረስ» አለች።

አጎቴ፣ የመጀመሪያው ጡብ ሲወድቅ የገባውን ብርሃን ቢያዩት! ግድግዳው ፈርሶ ሲያልቅ ቁም ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ቀይ ነው፣ እንደ ማር የሚያበራ ቀይ። ባለቤታቸው ቀርበው በመዳፋቸው አሻሹት። «አንተ፣ ይሄ እንዲህ ቀይ ነበር እንዴ?» አሉ። «ነበር» አሉ አናጺው። ሁለቱም ብዙ ቆሙ።

ቁም ሳጥኑ በዚያው ቀን በግቢው በኩል ወጥቶ ሄደ። ሰዎቹ ግን አሁንም አልሄዱም። አናጺው «ቀዳዳ ትቼ አልወጣም» ብለው መስኮቱን ራሳቸው ሊሠሩ ቆዩ። ባለቤታቸው «ቤት መልቀቅ አያውቅበትም ብያችኋለሁ» አሉ፤ አዝራር መትከላቸውንም ቀጠሉ። እናቴ በዚህኛው መቆየት ደስ ያላት ይመስለኛል።

መስኮቱ ትልቅ ነው። ሁለት ተከፋች መዝጊያ አለው። ሲጨርሱ አናጺው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ፤ «እንቺ፣ የክፍልሽ ቁልፍ።»

«የወንድሜ ክፍል ናት» አለች እናቴ።

«እንዴ?» ደነገጡ። «እኔ እኮ የመስኮቱን ከፍታ በእሷ ክንድ ነው የለካሁት። ተቀምጣ እንድትደገፍበት።»

«አሁንም በሰው ለካ!» ብለው ጮኹ ባለቤታቸው። ሁሉም ሳቁ። ቁልፉን እናቴ ተቀበለች።

ይህንን የጻፍኩልዎ እንዲያው ወሬ ስለሆነ ነው። ክፍሏን ነጭ እንቀባታለን። ሚስማሩንም እንመታለን።

በሰላም ይግቡልን፣
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 12 ቀን

ለተወደዱ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ጥቅምት 24 ቀን የጻፉት ደብዳቤ ዛሬ ደረሰ። «ግድግዳ እንዳይነካ» የሚለው ጋ ስንደርስ እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ያነበብነው በመስኮቱ ብርሃን ነበር።

እናቴ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብላለች። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጽፍ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይሄኛውን ሳላነበው ነው የማሽገው።

ክፍሏን እፈልጋታለሁ። ጨለማ ሳለችም እፈልጋት ነበር። ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን በሩን የዘጋሁት ለዚያ ነው። ከዚያ ቀን በፊት በሕይወቴ በር ዘግቼ አላውቅም፤ የምንኖርባት ክፍል አንድ ስለነበረች የምዘጋው በር አልነበረኝም። የራሴ ሐሳብ እንኳ የሚሰማ ይመስለኛል፣ እናቴ ማሽኑን ስታቆም።

እርስዎ ደክመው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ያለ እርስዎ ገንዘብ ይህ ቤት አይገዛም ነበር። እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም፤ ነጩን ቀለም ራሴ እቀባልዎታለሁ። ግን ሳልጠይቅዎ ብቀር ያን ቀን የተናገርኩት ለቁም ሳጥኑ ብቻ ይሆናል።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለቀድሞዋ ጭምት፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ፣ ሰላም ለዚያ አፍራሽ ሽማግሌም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ወረቀት አውጥቼ መልሼ ስከት ቆየሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

በጣም አዝኛለሁ። ክፍሌን አበላሻችሁብኝ! እኔ እኮ የሞተር ክፍል ሰው ነኝ። ፀሐይ ዓይኔን ትወጋኛለች፤ ድቅድቅ ጨለማ ካልሆነ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ያችን ክፍል የወደድኳት መስኮት የላትም ስላልሽኝ ነበር። አሁን የቁም ሳጥን ያህል ብርሃን ከፈታችሁባት፤ እኔ ምን ልሠራባት? ይሄን ጥፋት ያመጣው ሰው ይኑርባት።

ለአብሳዩ ነገርኩት። «ክፍሌ ተወሰደ» አልኩት።

«በማን?»

«በአንዲት ዝም በምትል ልጅ።»

«ዝም የምትል ከሆነ በምን ወሰደችው?»

«ተናግራ።»

ሾርባውን ቀዳልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ሳልጠይቀው ጨምሮልኝ ነበር።

ስመጣ ሳሎኑ ውስጥ መጋረጃ ጋርዳችሁ አንድ ጥግ ስጡኝ። የእናትሽ ማሽን ለጆሮዬ ከሞተር አይብስም፤ እንዲያውም ያስተኛኛል። ጠረጴዛዋንም ላንቺ ትቻለሁ። መጻፍ የሚያስፈልግሽ አንቺ ነሽ።

ቤቱ የደስታ ያድርግላችሁ።
አጎትሽ


ጥር 2 ቀን

ለተወደዱ አጎቴ፣

ፈጣሪ የሰጡኝን ያህል ይስጥዎ። እኛ በጣም ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ጨለማው ስደርስ «እሱ?» ብላ ሳቀች፤ «ልጅ ሆነን ፀሐይ የምታርፍበትን ቦታ እየተከተለ አይደል እንዴ የሚተኛው! እናታችን ለምሳ የምትፈልገው ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ሥር ነበር።» ከዚያ መሳቋን አቆመችና ለረጅም ጊዜ ማሽኑን ሳታንቀሳቅስ ተቀመጠች። ይህን ልጻፍልዎ ወይስ ልተወው ብዬ አሰብኩ። ምን እንደሰጡኝ ማወቄን እንዲያውቁ ነው የጻፍኩት።

ቁልፉን እናቴ ሰጥታኛለች። አልጋዬን ከመስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ እግሬ ላይ ታርፋለች፤ ፊቴ ላይ ስትደርስ እነሣለሁ። በሩን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ምንም አልሠራም። እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ስዘጋ እናቴ የተቀየምኳት ይመስላት ነበር፤ አሁን ከውጭ ሆና «አለሽ?» ትለኛለች፤ «አለሁ» እላታለሁ፤ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች። የአናጺው ባለቤት በየሳምንቱ እየመጡ አዝራር ይተክላሉ። አናጺው ሲሸኟቸው መስኮቱን ከፍተው ዘግተው አይተውት ነው የሚሄዱት።

ስለ ሳሎኑ ጥግ የጻፉትን አልተቀበልንም። ሲመጡ የሚተኙት ከመስኮቱ ሥር ነው፤ እናቴም እኔም ተስማምተናል። እኔ ከማሽኑ ጀርባ እተኛለሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ከሆነ አይከብደኝም። እርስዎ ክፍሏ ውስጥ ሳሉ አንኳኩቼ እገባለሁ። እኔ በሩን ዘግቼ የተቀመጥኩ ጊዜ ግን፣ አጎቴ፣ እባክዎ እርስዎ ያንኳኩ።

በናፍቆት የምትጠብቅዎ፣
የእህትዎ ልጅ